ሐኪሙ እንዳይሄድብን

እ.ኤ.አ. በ1915 በካናዳ የስንዴ አገር በሳስካችዋን ክፍለ ግዛት፣ ሆልድፋስት በምትባል መንደር ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች አንድ ሐኪም ነበሯቸው። እሳቸውም ሊሄዱባቸው ሆነ።

ሳርኒያ የሚባለው የአካባቢው የገጠር ማዘጋጃ ተሰብስቦ መከረ። በዚያ ዘመን ሐኪም የሚኖረው ከታካሚው ኪስ በሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ታካሚው ደግሞ ገበሬ ነው፤ ገበሬው ገንዘብ የሚያየው በዓመት አንዴ፣ ያውም አዝመራው ከያዘለት ነው። በሽታ ግን አዝመራ አይጠብቅም። ማዘጋጃው ከሰበሰበው ግብር ላይ በዓመት 1,500 ዶላር ቆርጦ ለሐኪሙ ደመወዝ አደረገላቸው። ሐኪሙም ቀሩ።

ዕድር ላለው ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሀምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ልዩነቱ የሳርኒያው መዋጮ በግብር መልክ መምጣቱ ነው፤ ጤነኛውም ታማሚውም፣ የወደደውም ያልወደደውም ይከፍላል። በ1916 የሳስካችዋን ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ ማዘጋጃዎች ሐኪም በደመወዝ እንዲቀጥሩ ፈቀደ። ጎረቤት ማዘጋጃዎችም አንድ በአንድ ተከተሉ።

የ1930ዎቹ ድርቅ መጣ። አፈሩ እንደ ደመና እየተነሣ በነፋስ ተወሰደ፤ የስንዴ ዋጋ ወደቀ፤ የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ አማካይ ገቢ ከሁለት ሦስተኛ በላይ አሽቆለቆለ። ታካሚው የሚከፍለው ሲያጣ ሐኪሙም ተራበ። በዚያን ጊዜ ከማዘጋጃ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሐኪም ዕድለኛ ነበር። የካናዳ ሐኪሞች ማኅበር እንኳ በ1943 የብሔራዊ ጤና መድንን ሐሳብ በመርህ ደረጃ ደግፎ ነበር። ይህን ልብ እንበል፤ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛልና።

የልጁ እግር

ቶሚ ዳግላስ በ1904 በስኮትላንድ ተወለዱ። ቤተሰቡ በ1910 ወደ ካናዳዋ ዊኒፔግ ሲሰደድ ልጁ ጉልበቱ ላይ የደረሰ ጉዳት ነበረበት፤ ቁስሉ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ መመርቀዝ ጀመረ። ወላጆቹ ለስፔሻሊስት የሚከፍሉት አልነበራቸውምና በነጻ በሚታከምበት ክፍል የተኛው ልጅ እግሩ ሊቆረጥ ተወሰነ። አንድ የአጥንት ቀዶ ሐኪም በዚያ ሲያልፉ አዩት። ተማሪዎቻቸው ቆመው እንዲመለከቱ ወላጆቹ ከፈቀዱ በነጻ እንደሚያክሙት ተናገሩ። እግሩ ተረፈ።

ዳግላስ ሲያድጉ የባፕቲስት ሰባኪ፣ ከዚያም ፖለቲከኛ ሆኑ። ይህን ታሪክ ዕድሜ ልካቸውን ተናግረውታል፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሐኪሙ ቸርነት ለመመስከር ብቻ አልነበረም። ሐኪሙ በዚያ ቀን በዚያ ክፍል ባያልፉስ? አባታቸው ሀብታም ቢሆኑ ኖሮ ይህ ጥያቄ እንደማይነሣ ያውቁ ነበር። የአንድ ልጅ እግር በአጋጣሚ መዳኑ ለእሳቸው የሥርዓቱ ጉድለት ማስረጃ ነበር።

በሰኔ 1944 የሚመሩት ፓርቲ፣ በአጭሩ ሲሲኤፍ የሚባለው፣ ምርጫውን አሸነፈ። በሰሜን አሜሪካ የመጀመሪያው የሶሻሊስት መንግሥት ተብሎ ተመዘገበ። ዳግላስ ፕሪሚየር፣ ማለትም የክፍለ ግዛቱ መሪ ሲሆኑ የጤና ሚኒስትርነቱንም ራሳቸው ያዙት። ሥራው ግን በጥድፊያ አልሆነም። በ1946 በስዊፍት ከረንት አካባቢ ያሉ ማዘጋጃዎች ተባብረው ለነዋሪው ሁሉ የሐኪምና የሆስፒታል ሽፋን ጀመሩ፤ ይህ መሞከሪያ ሆነ። ከጥር 1947 ጀምሮ ደግሞ የሳስካችዋን ነዋሪ በዓመት 5 ዶላር፣ ቤተሰብ ቢበዛ 30 ዶላር እየከፈለ በሆስፒታል ያለ ተጨማሪ ክፍያ መታከም ቻለ።

ሆስፒታሉ ተሸፈነ፤ ሐኪሙ ግን ገና አልተሸፈነም። ዳግላስ የክፍለ ግዛቱ ካዝና ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እንደማይችል ያውቁ ነበር። አሥር ዓመት ጠበቁ። በ1957 የኦታዋ ፌዴራል ፓርላማ የሆስፒታል መድን ላቋቋመ ክፍለ ግዛት ሁሉ የወጪውን ግማሽ ያህል እሸፍናለሁ የሚል ሕግ አወጣ። ሳስካችዋን ብቻዋን ስትሸከመው ከነበረው ሸክም ግማሹ ወረደላት። በታኅሣሥ 1959 ዳግላስ በሬዲዮ ቀርበው ቀጣዩን አወጁ፤ ሐኪም ዘንድ መታየትም በመንግሥት መድን ይሸፈናል፣ ለሁሉም፣ ያለ ልዩነት።

“ሐኪሞቻችን አይሂዱብን”

የ1959 ሐኪሞች የ1930ዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም። ኑሯቸው ተሻሽሏል፤ ራሳቸው የሚደግፏቸው የግል የመድን ድርጅቶች አሉ። ጥቂት የማይባሉት በ1948 ብሪታንያ ሕክምናን በመንግሥት እጅ ስታደርግ ያንን ሸሽተው የመጡ ናቸው። መከራከሪያቸው ሲጠቃለል እንዲህ ነበር፤ ገንዘብ የሚሰጥ ያዛል፤ ዛሬ ሂሳቤን የሚከፍል ባለሥልጣን ነገ የትኛውን መድኃኒት እንደማዝዝ፣ የት እንደምኖር፣ ስንት በሽተኛ እንደማይ ይነግረኛል። አቅም ያለው የግል መድን ይግዛ፤ መንግሥት ድሃውን ብቻ ይርዳ።

መንግሥት ደግሞ ሰው ድህነቱን ማስመስከር ሳይኖርበት ይታከም አለ። ጤነኛውና ባለገቢው በግል መድን ከወጡ ለሕዝብ መድን የሚቀሩት ሽማግሌና በሽተኛ ብቻ ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለው ሥርዓት አይዘልቅም ሲልም ተከራከረ።

በሰኔ 1960 ምርጫ ሐኪሞቹ ወደ 100 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አሰባስበው በግልጽ ዘመቱ። ዳግላስ አሸነፉ። በ1961 አዲስ የተቋቋመውን ፌዴራላዊ ፓርቲ እንዲመሩ ተመርጠው ወደ ኦታዋ ሲሄዱ ሥራውን ለዉድሮ ሎይድ አስረከቡ። ሎይድ የቀድሞ አስተማሪ፣ ዝግ ያሉ፣ እንደ ዳግላስ ሕዝብን በንግግር የማያነቃንቁ ሰው ነበሩ። ማዕበሉ ግን የመጣው በእሳቸው ጊዜ ነው። ሕጉ በኅዳር 1961 ጸደቀ፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተላልፎ ሐምሌ 1 ቀን 1962 ሆነ።

በግንቦት ሎይድ በሬጃይና ከተማ አንድ የዳንስ አዳራሽ ውስጥ በተሰበሰቡ ከ600 በላይ ሐኪሞች ፊት ቆመው አስረዱ። ሐኪሞቹ ሰምተው ሲያበቁ በሕጉ ሥር እንደማይሠሩ አቋም ወሰዱ። ሰኔ 18 በተደረገው የፌዴራል ምርጫ ዳግላስ በዚያው በሬጃይና ተወዳድረው ወደቁ። የሜዲኬር አባት የሚባሉት ሰው በገዛ አገራቸው በሜዲኬር ምክንያት ተቀጡ። (አሜሪካ ላለው አንባቢ ለማስታወስ ያህል፣ የካናዳው ሜዲኬር ለአረጋውያን ብቻ ሳይሆን ለነዋሪው ሁሉ የሆነው መድን ነው።)

ሐምሌ 1 ቀን አብዛኛው የሳስካችዋን ሐኪም የክሊኒኩን በር ዘጋ። ጥቂት ሆስፒታሎች ውስጥ ብቻ ለድንገተኛ ሕመም ተራ የሚገቡ ሐኪሞች ቀሩ። በዚያው ቀን አንድ ቤተሰብ የታመመ የዘጠኝ ወር ሕፃን ይዞ ሐኪም ፍለጋ ወጣ። በአቅራቢያ ያለው ክሊኒክ ዝግ ነበር። በመኪና ከከተማ ወደ ከተማ ሄዱ። ዮርክተን ሆስፒታል ሲደርሱ ሕፃኑ ሞቶ ነበር። ዜናው በአንድ ቀን በመላው ካናዳ ተሰማ። አንዱ ወገን “ሐኪሞቹ ናቸው” አለ፤ ሌላው “መንግሥት ነው” አለ።

ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ባብዛኛው እናቶች ሐኪሞቻቸውን እንዳያጡ ፈርተው ኮሚቴዎች አቋቋሙ፤ የኮሚቴዎቹ ስም ሲተረጎም “ሐኪሞቻችን አይሂዱብን” እንደ ማለት ነው። በ1915 የሳርኒያ ገበሬዎች ያሉትም ይህንኑ ነበር። ያኔ ሐኪሙ እንዳይሄድ የሕዝብ ገንዘብ ይከፈለው ተባለ፤ አሁን ሐኪሙ እንዳይሄድ የሕዝብ ገንዘብ አይምጣበት ተባለ። ሁለቱንም ያናገራቸው አንድ ፍርሃት ነው፤ ሌሊት ልጅ ሲያተኩስ የሚንኳኳ በር የማጣት ፍርሃት።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ሕጉን የደገፉ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። በሳስካቱን ከተማ ሥራ ማቆሙ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን የማኅበረሰብ ክሊኒክ በሁለት ሴት ሐኪሞች ሥራ ጀመረ። መንግሥትም ከብሪታንያ ሐኪሞችን አስመጣ።

ሐምሌ 11 በሬጃይና ምክር ቤት ፊት ታላቅ ሰልፍ ተጠራ። በአሥር ሺዎች ይመጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ የመጣው ከ5 ሺህ አልበለጠም። የተቃዋሚው ሊበራል ፓርቲ መሪ ሮስ ታቸር ምክር ቤቱ ይከፈት ብለው የተዘጋውን የአዳራሽ በር በእግራቸው ሲረግጡ ፎቶ ተነሡ፤ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ የተቃውሞው ጉልበት መላላት ያዘ።

አስታራቂው ከባሕር ማዶ መጡ። ሎርድ ስቲቨን ቴይለር ራሳቸው ሐኪም፣ በፖለቲካ ደግሞ የብሪታንያ ሌበር ፓርቲ ሰው ነበሩ፤ የሐኪሞቹን ቋንቋም የሚኒስትሮቹንም ያውቃሉ። በሳስካቱን ከሐኪሞቹ ወደ ሚኒስትሮቹ፣ ከሚኒስትሮቹ ወደ ሐኪሞቹ ተመላለሱ። አንዱን ይቆጣሉ፤ ሌላውን ያባብላሉ። የአገር ሽማግሌ ሥራ ነው። ሐምሌ 23 ስምምነቱ ተፈረመ፤ የ23 ቀን ሥራ ማቆም አበቃ።

ስምምነቱ የተወው ነገር

በሳስካቱን ስምምነት መንግሥት ዋናውን አገኘ፤ መድኑ ለሁሉም፣ በግዴታ፣ በሕዝብ ገንዘብ ሆነ። ሐኪሞቹም የፈለጉትን አገኙ። የመንግሥት ቅጥር አይሆኑም፤ ለሰጡት ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሂሳብ ይልካሉ፣ ይከፈላቸዋል። የት እንደሚሠሩ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚሠሩ፣ ስንት ታካሚ እንደሚቀበሉ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ውል ይመነጫል። የሳርኒያ ማዘጋጃ በ1915 የገዛው የሐኪሙን እዚያ መኖር ነበር። የ1962 መንግሥት የገዛው የታካሚውን ሂሳብ ነው። አንዱ ሐኪም በመንደሩ እንዲኖር ያደርጋል፤ ሌላው ሐኪም ከተገኘ ታካሚው እንዳይከፍል ያደርጋል። በዚያ ሐምሌ ማንም ልዩነቱን ልብ ለማለት ጊዜ አልነበረውም፤ ትልቁ ችግር ገንዘብ ነበርና እሱ ተፈታ።

በ1964 ሎይድ በምርጫ ተሸነፉ፤ በሩን የረገጡት ታቸር ፕሪሚየር ሆኑ። መድኑን ግን ማፍረስ አልቻሉም፤ ሕዝቡ ለምዶታል፣ ሐኪሞቹም ሂሳባቸው ሳይቀርባቸው ስለሚከፈል ብዙዎቹ ወደውታል። ታቸር በ1968 ሰው ያለ ምክንያት ሐኪም ቤት እንዳይመላለስ በሚል አንድ ታካሚ ሐኪም ባየ ቁጥር 1.50 ዶላር እንዲከፍል ደነገጉ። ወጪን ለመቆጣጠር ተብሎ የመጣው ክፍያ ከሁሉ በላይ ያራቀው ድሃውን ሆነ፤ በ1971 አዲሱ መንግሥት ሻረው። “ሥርዓቱ እንዲዘልቅ ታካሚው ትንሽ ይክፈል” የሚለው ክርክር ግን አልሞተም፤ በየአሥር ዓመቱ ይነሣል።

ነገሩ ከሳስካችዋን አልፎ አገር አቀፍ የሆነበት መንገድም ምፀት አለበት። የካናዳ ሐኪሞች ማኅበር የዳግላስን ዕቅድ ይገታል በሚል ተስፋ የፌዴራሉ መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን እንዲያቋቁም ጠየቀ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ዲፈንቤከር በ1961 የሳስካችዋኑን ዳኛ ኤመት ሆልን ሾሙ። ሆል ወግ አጥባቂ የሚባሉ ሰው ነበሩ። አገሪቱን ዞረው፣ ምስክር ሰምተው በ1964 ሲመለሱ ያቀረቡት ምክር የሳስካችዋኑ መድን ለመላው ካናዳ ይሁን የሚል ሆነ። በታኅሣሥ 1966 የፌዴራሉ ፓርላማ ሕጉን በ177 ድምፅ ድጋፍ በ2 ተቃውሞ አጸደቀ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሁሉም ክፍለ ግዛቶች ገብተውበት ነበር።

ገንዘቡና ወረፋው

በ1977 ኦታዋ ውሉን ለወጠች። እስከዚያ ክፍለ ግዛቱ ያወጣውን ግማሽ ያህል ትመልስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከወጪው ጋር ያልተያያዘ ጥቅል ድጎማ መስጠት ጀመረች። ለፌዴራሉ ካዝና እፎይታ ሆነ፤ ለክፍለ ግዛቶቹ ሥጋት። ክፍለ ግዛቶቹ ለሐኪሞች የሚከፍሉትን ሲያጠብቁ፣ አንዳንድ ሐኪሞች መንግሥት ከሚከፍለው በላይ ከታካሚው መጠየቅ ያዙ። የመድን ካርድ ያለው ሰው እንደገና ኪሱን መዳበስ ጀመረ።

የጤና ሚኒስትሯ ሞኒክ ቤጊን በ1984 የካናዳ ጤና ሕግን አቅርበው ፓርላማው ያለ አንድ ተቃውሞ አጸደቀው። ሕጉ በነባሮቹ አራት መርሆች ላይ አምስተኛ ጨመረ፤ ተደራሽነት። ከታካሚ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጠየቅ የፈቀደ ክፍለ ግዛት የዚያኑ ያህል ገንዘብ ከፌዴራል ድጎማው ይቆረጥበታል። በኦንታሪዮ ይህን ለማስፈጸም የወጣው ሕግ በ1986 የ25 ቀን የሐኪሞች ሥራ ማቆም አስከተለ፤ መንግሥት ጸና፣ ተጨማሪ ክፍያ ቀረ። ሆኖም ቅጣቱ የተነደፈው ክፍያ ላይ ነበር። በመንደሩ ሐኪም ባይኖርስ? ለዚያ የሚቆረጥ ሳንቲም የለም።

የ1990ዎቹ መጀመሪያ ዕዳ የበዛበት ዘመን ነበር። በ1991 ሞሪስ ባረርና ግሬግ ስቶዳርት የሚባሉ ሁለት የጤና ምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ስለ ሐኪሞች ብዛትና ሥርጭት እርስ በእርሳቸው የተያያዙ ብዙ ምክሮች የያዘ ጥናት አቀረቡ። የጤና ሚኒስትሮቹ ከዚያ ውስጥ ለመፈጸም ቀላሉን መዘዙ፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቅበላ በ1993 በ10 በመቶ እንዲቀንስ። አመክንዮው ለሒሳብ ሰው ቀላል ነው፤ ሐኪም ሁሉ ሂሳብ ይልካል፤ ሐኪም ሲያንስ ሂሳብ ያንሳል። ግን አንድ ሐኪም ለማፍራት አሥር ዓመት ገደማ ይፈጃል። የዚያ ዓመት ውሳኔ ፍሬው የታየው ሚኒስትሮቹ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ነው።

በዚያው በ1993 ሳስካችዋን ከኪሳራ አፋፍ ላይ ነበረች። የዳግላስ ፓርቲ ወራሽ የሆነው የሮይ ሮማኖው መንግሥት የ52 ትንንሽ የገጠር ሆስፒታሎችን የመኝታ አገልግሎት ዘግቶ ወደ ጤና ጣቢያነት ቀየራቸው። በቁጥር ሲታይ ምክንያት ነበረው፤ ብዙዎቹ አልጋዎች ባዶ ነበሩ፣ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄዷል። ለገበሬው ግን ነገሩ ሌላ ነው። አባቱ በ5 ዶላር መዋጮ የተከለው ሆስፒታል ተዘጋበት። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ1995 በጀቱ ለክፍለ ግዛቶች የሚሰጠውን ድጎማ ቀነሰ፤ ወረፋው ረዘመ።

በ2001 ኦታዋ የጤና ሥርዓቱ ይዘልቅ እንደሆነ የሚመረምር ኮሚሽን ስታቋቁም መሪ ያደረገቻቸው ሆስፒታሎቹን የዘጉትን ሮማኖውን ነበር። በኅዳር 2002 ያቀረቡት መልስ ሲጠቃለል፣ ሥርዓቱ የሚዘልቀው ካናዳውያን እንዲዘልቅ እስከ ፈለጉ ድረስ ነው የሚል ነበር። መዝለቅና አለመዝለቅ በሒሳብ የሚታወቅ ቋሚ ቁጥር እንዳልሆነ፣ ሕዝብ ምን ያህል ለመክፈልና በምን ለመተሳሰብ እንደሚፈቅድ የሚወሰን ምርጫ እንደሆነ መናገራቸው ነው። በ2005 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች በአንድ የኩቤክ ሐኪምና በአንድ ታካሚ ክስ ላይ 4 ለ 3 ተከፍለው በሕዝብ መድን ለሚሸፈን ሕክምና የግል መድን መግዛትን መከልከል የኩቤክን የመብት ቻርተር ይጥሳል አሉ። የፍርዱ እምብርት ወረፋ ነበር፤ ስምህ መዝገብ ላይ መስፈሩ መታከም አይደለም።

ጉድለቱን ለመሙላት ክፍለ ግዛቶቹ ከውጭ ሐኪም መመልመል ያዙ። ሳስካችዋን በተለይ በደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ላይ ተደገፈች፤ በ2001 በኦታዋ የደቡብ አፍሪካ መልእክተኛ እባካችሁ ሐኪሞቻችንን አትውሰዱብን ብለው እስከ መማጸን ደረሱ። “ሐኪሙ እንዳይሄድብን” የሚለው ቃል በዚህ ጊዜ ከሌላ አህጉር መጣ። እኛም እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደርም ሆነ ከጅማ በሕክምና ተመርቆ ካናዳ የገባ ሰው ደግሞ ሌላ በር ይገጥመዋል፤ ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ የሬዚደንሲ፣ ማለትም በሆስፒታል የሚሰጠው የሐኪሞች ሥልጠና፣ ቦታው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሐኪም አጣን በምትል ከተማ ውስጥ በሌላ ሥራ የሚኖር ሐኪም ይገኛል።

ካናዳ ውስጥ የጤና መድን ካርድ ያለው ሰው ዛሬም ሐኪም ሲያየው አይከፍልም። በ1962 የተገባው ቃል ተጠብቋል። በ2022 በተጀመረ ጥናት ግን ከ6 ሚሊዮን በላይ ዐዋቂ ካናዳውያን ቋሚ የቤተሰብ ሐኪም እንደሌላቸው ተገመተ፤ ከአምስት ዐዋቂዎች አንዱ ያህል ማለት ነው። በ2023 መጀመሪያ ፌዴራሉ መንግሥት ለአሥር ዓመት 46 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ገንዘብ ሲያቀርብም ክፍለ ግዛቶቹ አነሰን አሉ።

በ2025 መጀመሪያ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ግዛት ኮልዉድ የምትባል ትንሽ ከተማ መላ ዘየደች። የከተማው ምክር ቤት ክሊኒክ ከፍቶ የቤተሰብ ሐኪሞችን እንደ ማንኛውም የማዘጋጃ ሠራተኛ በደመወዝ፣ በዕረፍት ፈቃድና በጡረታ ይቀጥር ጀመር። ሐኪሟ ሂሳብ ስለ መላክና የቤት ኪራይ ስለ መክፈል አታስብም፤ ታካሚዋን ታያለች። ዜናው በካናዳ እንደ አዲስ ሐሳብ ተወራ። ከሳርኒያ ማዘጋጃ ስብሰባ 110 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።